አዋሽ የገባው ሰባት ክንድ ሻርክ

ሚያዝያ 25 ቀን 1974፣ ሰኞ

በመላው አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ሻርክ በጥፊ የመታ ሰው ቢኖር እኔ ከድሩ ብቻ ነኝ። ማንም ሊክደው አይችልም።

እርግጥ... ሻርኩ ሞቶ ነበር። አሰብ ወደብ ተሸካሚ ሳለሁ ነው። ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አሸዋ ላይ ጣሉት። ሰው ሁሉ ከሩቅ ቆሞ ሲያይ እኔ ሄድኩና ጉንጩን አጮልኩት። ጉንጭ ይሁን አንገት እንጃ። ቢሞትም ጥፊ ጥፊ ነው። ቆዳው እንደ ሞረድ ነው፤ መዳፌን ላጠኝ። ስለዚህ እሱም መልሶ መትቶኛል ማለት ይቻላል።

ጻፍ ያሉኝ መምህርት ሰርክአዲስ ናቸው። የማታውን የመሠረተ ትምህርት ያስተማሩን። "ምስክር ወረቀት ይዛችሁ ቁጭ ካላችሁ ፊደሉ ይተናል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ" አሉን። ሃያ ስድስት ሰው ነበርን የጨረስነው። ሃያ አምስቱ ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው ተገላገሉ። እኔ ግን ደብተር ገዛሁ።

ዛሬ ስድስት የጎማ ካላማዳሪ ለጠፍኩ። ሙቀቱ ማስቲሹን ገና ሳልቀባው ያደርቀዋል። ዘይቱና ከጎኔ ሻይ ቤቷን ከፍታ ዋለች። ዘይቱና ሚስቴ ናት። (ለማን ነው የማስተዋውቃት? ደብተሩ የራሴ!)

ሚያዝያ 28፣ ሐሙስ

ባቡር ጣቢያው ቡፌ ውስጥ አንድ መንገደኛ ጥሎት የሄደ መጽሔት መምህርት እጅ ገብቷል። እንግሊዝኛ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ ማንበብ ያልሰለቸን አራት ሰዎች ንባብ ቤቱ እንሰበሰባለን። መምህርት ገጹን ሲገልጡት ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ሻርክ!

"ይኼን ሰውዬ አውቀዋለሁ!" አልኩ። ሳቁ።

እያነበቡ ተረጎሙልን። በፈረንጅ አቆጣጠር 1916 ነው፤ አሜሪካ፤ የሙቀት ወራት። በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ አራት ሰው ሞተ፣ አንድ ቆሰለ። ሁለቱ የሞቱት ግን ባሕር ላይ አይደለም። ከባሕሩ ገባ ብሎ ያለ ጠባብ ወንዝ ውስጥ! ወንዝ ውስጥ! አንድ ሸምገል ያለ መርከበኛ ድልድይ ላይ ሆኖ ሻርኩ ሽቅብ ሲሄድ አየው። ሮጦ ከተማ ገባ፤ "ሻርክ መጣ፣ ውሃ ውስጥ አትግቡ" አለ። ሳቁበት። ሙቀቱ አናትህ ላይ ወጥቶ ነው አሉት። ብዙም አልቆየ...

 ተመልሼ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ።

መጽሔቱ የሚለው፣ ከዚያ ወዲህ ደራሲዎች ያንን በጋ አልለቀቁትም። የሻርክ መጽሐፉም ፊልሙም ከሱ ይቀዳል። እውነተኛው ሻርክ ሰው የሚነክሰው ከስንት አንዴ ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ ተሳስቶ። የልብ ወለዱ ሻርክ ግን ቂም ይይዛል። ጀልባ ያሳድዳል። በየመጽሐፉ ርዝመት ይጨምራል።

"የጻፉት ሰዎች ሻርክ ነክተው ያውቃሉ?" ስል ጠየቅኋቸው።

"አብዛኞቹ የነኩ አይመስለኝም።"

"እንግዲያው እኔ እበልጣቸዋለሁ።"

"ታዲያ ጻፈዋ፣ ጋሽ ከድሩ!"

ጻፈዋ አሉኝ። በሦስት ሰው ፊት።

ግንቦት 3፣ ማክሰኞ

አምስት ቀን ፈጅቶብኝ አንድ መስመር ጻፍኩ። "ሻርኩ አዋሽ ገባ።" ጥሩ መስመር ነው። ግን እንዴት ገባ? አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በረሃው ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል ብለው አስተምረውናል።

ዘይቱና ሰማችኝ። "በምን መጣ ታዲያ? በባቡር?"

"ደራሲ እንዲህ አይጠየቅም።"

"ትኬት ማን ቆረጠለት?"

ከሚስት ጋር ድርሰት አይጻፍም። ታሪኩ ሰው ይይዝ እንደሆነ በሌላ ሰው ልሞክረው አልኩ። በዚያው ሰዓት ሀመዱ መጣ።

ሀመዱ አፋር ነው። ዘመዶቹ ከመልካ ወረር ዝቅ ብሎ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ ነው ከብት የሚያጠጡት። በየሁለት ሳምንቱ ፍየል ሊሸጥ ሲመጣ ከገበያው በፊት የኔ ጥላ ሥር ያርፋል። ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ወባ ጥሎኝ የተኛሁ ጊዜ አሥር ቀን ሙሉ የግመል ወተት አመላልሶልኛል። ወንድሜ እንኳ አላደረገው።

ገና ቁጭ ሲል ዳጉ ነው። የአፋር ደንብ ነው። ሰውና ሰው ሲገናኝ ቁጭ ይባልና ያየኸው፣ የሰማኸው ይጠየቃል። ትናገራለህ፣ የሱንም ትቀበላለህ። እኔ ዘጠኝ ዓመት "ደህና ነው፣ ምንም የለ" እያልኩ ነው ያለፍኩት። ዛሬ ግን አለኝ!

"ምን አየህ?"

"ሻርክ አየሁ። የባሕር አውሬ። ከባቡሩ ድልድይ ሥር።"

"አዞ ነው።"

"ዘጠኝ ዓመት ኖሬ አዞ ላላውቅ? ሰባት ክንድ ነው። ጀርባው ላይ እንደ ማጭድ የቆመ ክንፍ አለው።"

"በዓይንህ?"

"በዓይኔ።"

"ወዴት ሄደ?"

"ወደ ታች።"

ሻዩን አስቀመጠ። "አንተ ራስህ አየህ? ሌላ ሰው ነግሮህ አይደለም?"

"እኔ ራሴ። በዓይኔ።"

"ከድሩ፣ በዓይንህ?"

"በዓይኔ አልኩህ እኮ!"

ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ፍየሎቹንም አልሸጠም፤ ነድቷቸው ተመለሰ። እስኪታጠፍ አየሁትና እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ደራሲ ማለት ይኼ ነው! ሲመለስ አብረን እንስቃለን።

(ወላሂ አላልኩም። ይኼ ልብ ይባልልኝ።)

ግንቦት 4፣ ረቡዕ

ገጽ ተኩል። ሻርኩ እስካሁን አንድ ሰው አልበላም። ልቤ ሩህሩህ ነው መሰለኝ።

ግንቦት 9፣ ሰኞ

ኦሆሆ! እሸቴ ከአሰብ መጣ። እሸቴ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የጎጃም ሰው። የኋላ ጎማው ሁለት ቦታ ተበስቶ ገባ። ገና ሳይወርድ፣ "አንተ ከድሩ! ገዋኔ ላይ ስለ አንተ ነው የሚወራው!" አለኝ።

"ምን ተባለ?"

"አዋሽ ውስጥ ሃያ ክንድ ዓሣ ገብቷል። አንድ በሬ ከነቃጭሉ ውጧል። ሲዋኝ ሆዱ ውስጥ ቃጭሉ ይሰማል። ከድሩ የሚባል ጎሚስታ በክሪክ አናቱን ብሎት አመለጠው።"

ቃጭሉ! ይኼን እኔ መቼ አሰብኩት? ግሩም ነው። ጻፍኩት። ክሪኩንም ጻፍኩት። በሬውን ግን ወደ ሁለት በሬ አሳደግሁት።

"እውነት ነው እንዴ?" አለኝ እሸቴ።

"አንተ ምን ይመስልሃል?"

"ውሸት ነው። ግን ዲቾቶ ላይ እኔም አወራሁት፤ በነፃ ምሳ በላሁበት።"

መምህርት ያሉት ደረሰ። እያደገ ነው። ከገዋኔ እስከ ዲቾቶ ሰው የሚያወራው ድርሰት ያለው ጎሚስታ ማን አለ?

ግንቦት 12፣ ሐሙስ

ዛሬ አልሳቅሁም።

የማላውቀው አፋር መጣ። ከሰመራ በኩል ነው የመጣው፤ ለዘመድ መድኃኒት ፍለጋ። ጥላው ሥር ቁጭ አለ። ዘይቱና ውሃ ሰጠችውና ምን እንደሰማ ጠየቀችው። ዘይቱና ባቲ ገበያ ላይ ከአፋር ጋር ነው ያደገችው፤ ደንቡንም ቋንቋውንም ታውቃለች።

እኔ ሠላሳ ክንድ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ሰባት ክንድ ነው" አለ። "ጀርባው ላይ እንደ ማጭድ የቆመ ክንፍ አለው። ከባቡሩ ድልድይ ሥር ታየ። ወደ ታች ሄደ። ያየው ከድሩ ጎሚስታ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ ሦስት ጊዜ በዓይኔ አለ። የተቀበለው ሀመዱ ነው።"

ከዚህ እስከ ሰመራ... ስንት አፍ አለፈ? አንድ ክንድ አልጨመረም። አንድ ክንድ አልቀነሰም። በሬ የለ፣ ቃጭል የለ፣ ክሪክ የለ። ያልኩትን ብቻ፤ ከነስሜ። 

ቀጠለ። ከመልካ ወረር በታች ያሉት ሰዎች ከወንዙ ርቀዋል። አዞን ያውቁታል፤ መቼ እንደሚወጣ፣ የት እንደሚተኛ ያውቃሉ። ይኼን አዲሱን ግን አያውቁትም። ስለዚህ ከብቱንም ሰውንም ከወንዙ አራቁ። ከጉድጓድ ነው የሚቀዱት። ለመሄድ አንድ ቀን ተኩል፣ ለመመለስ አንድ ቀን ተኩል። በዚህ በጋ! የሀመዱ እናትም ከሚሄዱት አንዷ ናት።

ሰውየው እንደሄደ ዘይቱና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

"ለሾፌር ዋሽ። ለቀበሌ ዋሽ። ለኔም እኮ ስትዋሽ ነው የምትኖረው። ዳጉ ላይ ትዋሻለህ?"

"ቀልድ ነበር..."

"እነሱ ሰው ቢታመም፣ ውሃ ቢገኝ፣ መንገድ ቢዘጋ የሚያውቁት በምንድን ነው? ሬዲዮ አላቸው? ዳጉ ላይ የዋሸ ሰው ሁለተኛ ማንም አይጠይቀው፣ ማንም አይነግረው። ዕውር ሆኖ ነው በረሃ የሚሄድ።"

"እሺ እኔን አይጠይቁኝ።"

"አንተንማ ጎማ ለጣፊ ነው ብለው ይተዉሃል፣ ያ ከድሩ! የተሸከመው ሀመዱ ነው። የሚጠፋው የሀመዱ ስም ነው።"

ግንቦት 13፣ ዓርብ

ምንም አልጻፍኩም።

ግንቦት 14፣ ቅዳሜ

ለመምህርት ነገርኳቸው። ትንሽ ሳቁ። ከዚያ አልሳቁም።

"እዚያ አሜሪካ እውነት የተናገረውን ሰው ሳቁበት፤ ሰው ሞተ። እዚህ ደግሞ ያልሆነ የተናገረውን አመኑት" አሉ። "የትኞቹ ናቸው ጥፋተኛ ትላለህ?"

"እዚህ? እኔ ነኝ።"

"እኔ እንኳ ስለ ሰሚዎቹ ነበር የጠየቅሁህ።"

ሌላ ሰው ሳይደርስበት ራስህ ሂድና ተናገር አሉኝ። ሂድና ተናገር... ለማን? ሀመዱ ፊት ቆሜ? እሱ እኮ ሦስት ጊዜ ነው የጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ መውጫ በር ከፍቶልኝ ነበር።

ግንቦት 15፣ እሑድ

እሸቴ ከአዲስ አበባ ወደ አሰብ ሊወርድ አለፈ። ጭንቄን ነገርኩት። ሾፌር ብልሃት አያጣም።

"ሻርኩን ግደለው" አለኝ።

"ምን?"

"ሞተ በላቸው! አሰብ የደረቀ የሻርክ መንጋጋ ሞልቷል። አንድ ይዤልህ እመጣለሁ። ይዘህ ሂድና ይኸው ሞተ በል። ከብቱ ወደ ወንዙ ይመለሳል፣ ሀመዱም ልክ ነበር ይባላል፣ አንተም ጀግና ትሆናለህ። ማን ተጎዳ?"

ማን ተጎዳ? ሌሊቱን ሳስበው ላድር ነው። ከቀኙ አየሁት፣ ከግራው አየሁት፤ ቀዳዳ የለውም። እንዲህ ያለ ካላማዳሪ አይቼ አላውቅም።

ለዘይቱና አልነገርኳትም። ለምን አልነገርኳትም? እንጃ።

ግንቦት 21፣ ቅዳሜ

መንጋጋው መጣ። በጆንያ ተጠቅልሎ። ግማሽ ክንድ ይሆናል፤ ጥርሱ ሦስት ረድፍ ነው። ደርቋል አለኝ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልደረቀም። ሽታው ከጋራጁ ቀድሞኝ ቤት ገባ።

ዘይቱና ጆንያውን ገለጠችው። መንጋጋውን አየች፤ እኔን አየች።

"ውሸቱን ልትቀብረው ነው ወይስ ሐውልት ልታቆምለት?"

"ከብቱ ወደ ወንዙ ይመለሳል፣ ዘይቱና። ያ አይሻልም?"

 ጆንያውን በእግሯ ገፍታ ከደጅ አስወጣችው። የሰፈሩ ውሾች ሁሉ በራፋችን ላይ ተሰብስበው ዋሉ።

ግንቦት 25፣ ረቡዕ። መልካ ወረር

ትናንት በጥጥ ጫኝ መኪና መጣሁ። ጆንያዬን ይዤ። ሀመዱ መንገድ ላይ ጠበቀኝ፤ እንደምመጣ ከኔ በፊት ሰምቷል። ሁለት ሰዓት በእግር ሄድን። የሀመዱ ከንፈር ተሰነጣጥቋል። እሱ ግን ደስ ብሎታል።

"በዓይኑ ያየው ሰው ራሱ መጣ" አለኝ። "አንዳንዱ ሰው ይጠራጠር ነበር። አዞ ነው ይላል። እኔ ግን ከድሩ ብሏል፣ ስሜን አስይዤበታለሁ አልኳቸው።"

ስሜን አስይዤበታለሁ! ጆንያው ከበደኝ።

ግራሩ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ስምንት ናቸው። ትልቁ ሽማግሌ ጺማቸውን ሂና የተቀቡ ናቸው። አማርኛ አይሰሙም፤ ሀመዱ ሊያስተረጉም መሐል ገባ። ገና ሳይጠይቁኝ የሀመዱ እናት በቅል ውሃ ይዘው መጡ። ለኔ። ለእንግዳ መጀመሪያ ይሰጣል። እግራቸው ተሰነጣጥቆ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው አቧራ ነው። ትናንት ከጉድጓዱ ተመልሰው ነው። ወንዙ ግን... ከተቀመጥንበት ይታያል! ድምፁ ይሰማል! እሳቸው ሦስት ቀን የተጓዙበትን ውሃ ለኔ ሰጡኝ።

ወደ አፌ አስጠጋሁት። ሳልጠጣ አጠገቤ አስቀመጥኩት።

ሽማግሌው ጠየቁ። ሀመዱ ወደ አማርኛ መለሰው። "ምን አየህ?"

ጆንያው ላይ እጄ ነበር። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቷል። ሞተ፣ ይኸው ጥርሱ። ሦስት ቃል ነው።

"ምንም አላየሁም" አልኩ።

ሀመዱ ዞሮ አየኝ።

"ተርጉምላቸው" አልኩት። "ሻርክ የለም። አልነበረም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሀመዱ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሦስት ጊዜ ዋሸሁት። ይኼም ጆንያ ውስጥ ያለው ከአሰብ በመኪና የመጣ ነው፤ ሁለተኛ ልዋሽበት ነበር ያመጣሁት።"

 የሀመዱን ፊት ማየት አልቻልኩም። መሬት መሬቱን እያየ ጀመረ። ያን ያህል አፋርኛ እሰማለሁ። አንድ ቃል አልጨመረም። አንድ ቃል አልቀነሰም። "ሀመዱን ዋሸሁት" የሚለውን እንኳ፣ በገዛ አፉ፣ በሰዎቹ ፊት፣ እንዳልኩት ተናገረው።

ብዙ ተነጋገሩ። ከዚያ ሽማግሌው ሀመዱን አንድ ነገር ጠየቁት፤ ከድሩ ያለው ምን ነበር? ሀመዱ ተናገረ። ከሰመራ መጥቶ ጥላዬ ሥር ያረፈውንም ሰው ጠሩና ጠየቁት፤ አንተ ጋ የደረሰው ምን ነበር? እሱም ተናገረ። ሰባት ክንድ። ማጭድ። ድልድይ። ወደ ታች። ሁለቱ አንድ ሆነ።

"ዕቃው የተበላሸው ከሰጪው ነው" አሉ። "ሸክሙ አልተነካም።" ሀመዱ ነፃ ወጣ! ግን በአንድ ነገር ነው። ውሸቱ በሄደበት መንገድ ባለቤቱ ራሱ ይሂድና በአፉ ይመልሰው አሉ። ገዋኔ፣ ሰመራ፣ እስከ መጨረሻው። ወሬውን ባለቤቱ ራሱ ያልመለሰው እንደሆነ ግን የሀመዱ ስም እንደጠፋ ይቀራል።

"እሄዳለሁ" አልኩ። ሽማግሌው ጥርሳቸውን እስካይ ድረስ ሳቁ።

ከዚያ ውሃውን ጠጣሁ። ሁሉንም። የሀመዱ እናት ቅሉን ተቀብለውኝ ቀጥ ብለው ወደ ወንዙ ወረዱ። ፍየሎቹ ቀደሟቸው።

ሀመዱ ግን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኝ እንጂ አንድ ቃል አልተናገረኝም።

ግንቦት 28፣ ቅዳሜ። ገዋኔ

እሸቴ እየወረደ ስለነበር ጫነኝ። የሚበላበት ቤት ሁሉ እወርዳለሁ፤ ከብት ገበያው ሁሉ እወርዳለሁ። "ከድሩ ጎሚስታ ማለት እኔ ነኝ፣ ሻርክ የለም፣ ዋሽቻለሁ፣ ሀመዱ ያለውን ያለው እኔ ስላልኩት ነው።" አሥራ አንድ ጊዜ አልኩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እየተንተባተብኩ ነው ያልኩት። ከአራተኛው በኋላ ለመደኝ። ስምንተኛው ላይማ ልክ ስብከት ነው የመሰለኝ።

አፋሮቹ ሦስት ጊዜ ይጠይቁኛል። "በአፍህ?" በአፌ። "አንተ ራስህ?" እኔ ራሴ። ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉና ተነስተው ይሄዳሉ። አይሰድቡኝም፤ አይስቁም።

ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 30፣ ሰኞ። ሰመራ

የእሸቴ መኪና አንድ ቀን ሙሉ መንገድ ላይ ተበላሽታ ዋለች። ሰመራ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕና ጥቂት ቤት ነው፤ ሌላው ንፋስ። ወርጄ "ከድሩ ጎሚስታ ማለት..." ስል አንዱ አፋር አቋረጠኝ። "ሰምተናል። ዋሽተሃል። ገዋኔ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ተናገርክ።"

ቆጥረውኛል! ውሸቴም እውነቴም ከኤንትሬ ይቀድማሉ። ቢሆንም ግዴታዬ ነውና እንደገና ተናገርኩ። ቁጭ ብሎ አዳመጠኝ። አልተቻኮለም።

ሰኔ 1፣ ማክሰኞ። ዲቾቶ

ዲቾቶ ላይ ተሸነፍኩ። እሸቴ ከሚበላበት ቤት ገባን፤ ባለቤቷ ኡምሰልማ ትባላለች፤ የወሎ ልጅ። ቤቱ በሾፌር ጢም ብሏል።

"ሻርኩ የለም!" አልኩ።

"እንዴት የለም?" አለች ኡምሰልማ። "የባሌ ወንድም አይቶታል እኮ! ቃጭሉን ሰምቷል!"

"እኔ ነኝ የፈጠርኩት! ቃጭሉንማ እኔም አልፈጠርኩትም!"

"አንተ ደግሞ ማን ነህ?"

"ከድሩ ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "ከድሩማ ረጅም ነው አሉ።"

ቤቱ ፈነዳ። አንዱ ሾፌር "ተወው፣ ቀንቶበት ነው" አለ። በማን ነው የምቀናው፣ በራሴ? ማልኩላቸው፤ አሁን ወላሂ ብዬ፤ አላመኑኝም። መንጋጋውን እሸቴ ከመኪናው አወረደው፤ ከአሰብ በመኪና መጥቶ መልካ ወረር ደርሶ የተመለሰ ነው ብዬ ተናገርኩ። ኡምሰልማ ተቀብላ ከበሩ በላይ ሰቀለችው። ወጥታ አየችው፤ ገብታ ደግሞ አየችው። "ይኸው የአዋሹ ሻርክ!" አለች።

አሁን ገባኝ መሰለኝ፣ መምህርት ያነበቡልን። ያ አሜሪካ ያለው ከተማ ስለ ሻርኩ ሲነገረው አላመነም፤ ካለፈ በኋላ ግን ሰው ሁሉ መጽሐፍ ገዝቶ አመነው። ሆዱ ሞልቶ ጥላ ሥር ለተቀመጠ ሰው ሻርክ ጣፋጭ ነው። ፍየል ይዞ ወንዝ ለሚወርድ ሰው ግን አለ ወይስ የለም ነው ጥያቄው።

ምሳ አስከፈሉኝ ደግሞ። እሸቴ ግን በነፃ በላ።

ሰኔ 9፣ ረቡዕ። አዋሽ

ሀመዱ መጣ። ፍየል ይዞ። ጥላው ሥር ቁጭ አለ። 

ዘይቱናን ጠየቃት። "ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?" ነገረችው። የሷን ተቀበለ፤ የሱን ሰጣት። የእናቱ እግር እየዳነ ነው። ወንዙ ዳር ሣር በቅሏል። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጎማ እየነቀልኩ ነው።

እኔን ግን ዘለለኝ።

አልተቆጣም። ሰላም ብሎኛል፣ ሻዬን ጠጥቷል፣ ፍየል ሲሸጥ አግዘኝ ብሎ ገበያ ወስዶኛል። ምን አየህ ብቻ አላለኝም። ዘጠኝ ዓመት "ምንም የለ" እያልኩ የገፋሁትን ጥያቄ ዛሬ ቢጠይቀኝ... ምን እሰጥ ነበር?

ሰኔ 11፣ ዓርብ

ከጁምዓ ስንመለስ ሀመዱ ሊሄድ ዱላውን አነሳ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ተመለሰና ቁጭ አለ።

"ከድሩ። ምን አየህ?"

 ዘይቱና ከሻይ ቤቷ አንገቷን ብቅ አደረገች። አንድ ትልቅ ነገር ልነግረው ፈለግሁ። ይገባዋል እኮ! ግን ምን አየሁ? አሰብኩ።

"ጠዋት አንድ ላንድሮቨር መጣ" አልኩ። "የፊት ጎማው ላይ የግራር እሾህ ነበረበት። አራት። የድሬዳዋው ባቡር ዘግይቶ ገባ። በደጋው በኩል ደመና አለ፤ ዝናብ ግን አላየሁም።"

"እሾሁ አራት ነው?"

"አራት።"

"በዓይንህ?"

"በጉጠት ነው የነቀልኩት፣ በእጄ።"

ሦስተኛ አልጠየቀኝም። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሄደ። አራት እሾህ ይዞ። ነገ መልካ ወረር፣ ከነገ ወዲያ ገዋኔ፤ እዚያም ሲደርስ አራት ነው። አምስት ልለው ትንሽ እንደቀረኝ አላህ ያውቃል።

ዘይቱና ሳልጠይቃት ሻይ አመጣችልኝ። ስኳሩን አብዝታዋለች።

ደብተሬንም ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። እየተንተባተብኩም ቢሆን ጨረስኩት። አንድ ነገር አገኘሁ። ግንቦት 25 ላይ፣ እሄዳለሁ ስል ሽማግሌው ጥርሳቸውን እስካይ ድረስ ሳቁ ብያለሁ። አልሳቁም። እንዲስቁልኝ በጣም ፈልጌ ነበር። ጥርሳቸው የታየኝ ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታ ፊታቸውን ስላኮማተሩ ነው።